አባቴ በቁጥር አይዋሽም ነበር

አባቴን የሚያውቁ ሰዎች ሰቆጣ ውስጥ ዛሬም አሉ። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እጄን ይይዙና "የመሪጌታ ልጅ! አባትሽ እኮ አንድ ቀን በቁጥር ሳይሳሳት የሞተ ሰው ነው" ይሉኛል። እኔም "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ አልፋለሁ። ሊያመሰግኑት ብለው ነው፤ ምን ይደረጋል። ግን ያቺን ነገር በሰማሁ ቁጥር ፊቴ ይግላል። እውነት ነው፣ አይሳሳትም ነበር። የሚያናድደኝም እሱ ነው። ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ይቅር ባልኩት።

አባቴ ከቤታችን በላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ወይራ ሥር ተቀምጦ ባሕረ ሐሳብ ያስተምር ነበር። የዘመን ቆጠራ ትምህርት ነው። ጾም መቼ ይገባል፣ ፋሲካ መቼ ይውላል፣ የዛሬ ሃያ ዓመት መስከረም አንድ ሰኞ ነበር ወይስ ረቡዕ፣ ይኼን ሁሉ በቃል አስልቶ መናገር ነው። ከጋዝጊብላም፣ በቅርባችን ካለው ዝቋላም ተማሪ ይመጣለት ነበር፤ ተከዜን ተሻግረው የሚመጡም ነበሩ። ካህናቱ በአንድ በዓል ቀን ላይ ሲከራከሩ መጨረሻ ላይ የሚላከው እሱ ዘንድ ነው። ጣቶቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ እየነካ ይቆጥርና ቀኑን ይነግራቸዋል። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

እኔ የተወለድኩት ጳጉሜን ስድስት ቀን ነው። ጳጉሜን አምስት ቀን ናት፤ ስድስት የምትሆነው በየአራት ዓመቱ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ብቻ ነው። አባቴ ለዚህ ነገር ልዩ ፍቅር ነበረው። ቤታችን እንግዳ ሲመጣ እኔን ጠርቶ ያስቆመኝና "ይህቺ ልጅ በየዓመቱ በማትገኝ ቀን ነው የመጣችው" ብሎ ያወራል። እንግዶቹ ይስቃሉ፣ እኔ አፍራለሁ፣ እሱ ደስ ይለዋል። ሌሎች ልጆቹ መቼ እንደተወለዱ ቢጠየቅ ያስታውስ ነበር፤ የኔን ግን ሳይጠየቅ ነበር የሚናገረው።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ያስገባኝም እሱ ነው። ይኼን መሸሸግ አልፈልግም። ሌሎች ካህናት "ሴት ልጅ ፊደል ለምኗ ነው" ሲሉት "ቁጥር ትወዳለች፣ ተዉአት" ይላቸው ነበር። እናቴ ከጋዝጊብላ የመጣች ናት፤ ቋንቋዋ ኸምጣኛ ነው፣ አማርኛውን ያወቀችው አግብታ ሰቆጣ ከገባች ወዲህ ነው። እሷ ስለ ትምህርቱ ብዙ አትናገርም ነበር። ጠዋት ጠዋት ጸጉሬን ስትሠራኝ ግን አጥብቃ ነበር የምትሠራው፣ ከወንዶቹ መሀል ስቀመጥ እንዳይንጨባረር ብላ።

አምስተኛ ክፍል ስደርስ ከጎንደር በኩል የመጣ አንድ ወጣት አስተማሪ ሳይንስ ያስተምረን ጀመር። ኮቱ እጅጌው ላይ ያጠረው፣ ሲናገር በእጁ አየሩን የሚቆርጥ ሰው ነው። አንድ ቀን ገባና "ዓመት ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀን።

"አሥራ ሁለት ወር ከጳጉሜን ጋር" አለ አንዱ።

"ከመስከረም እስከ መስከረም" አለ ሌላው።

"እሱ አቆጣጠሩ ነው። እኔ የጠየቅኩት ዓመት ራሱ ምንድን ነው?"

በእጁ አየር ላይ ክብ ሠራ።

"መንገድ ነው" አለን። "መሬት በፀሐይ ዙሪያ ሄዳ ሄዳ ወደ ተነሳችበት ስትመለስ ዓመት ሆነ እንላለን። ሌላ ምንም አይደለም።"

ከዚያ ስለ ውድማ ጠየቀን። በሬዎች እህል ሲያበራዩ ሁላችንም አይተናል። "ጎን ለጎን ተጠምደው ሲዞሩ የትኛው ነው የሚፈጥነው?" አለ። የዳሩ በሬ ነው አልነው። "ለምን? አንድ ላይ ስለተጠመዱ ነው። ፕላኔቶች ግን አልተጠመዱም። ለፀሐይ የቀረበው ይፈጥናል፣ መንገዱም አጭር ነው። የራቀው ቀስ ይላል፣ መንገዱም ረጅም ነው። ስለዚህ የሁሉም ዓመት ለየቅል ነው።" ለፀሐይ በጣም የቀረበችው ሦስት ወር ሳይሞላ ዓመቷን ትጨርሳለች አለን። ማርስ የኛ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። ጁፒተር ግን አንዴ ዞሮ እስኪመለስ እኛ ዘንድ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ያልፋል። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አንዱ ልጅ "እዚያ የሚኖር ገበሬ ክረምት እስኪመጣ በረሃብ ያልቃል!" አለ፤ አስተማሪውም አብሮ ሳቀ።

ሳቁ ሲበርድ ወደ መሬት ተመለሰ። "ችግሩ" አለ፣ "መሬት ዙሯን ስትጨርስ ቀኑ አብሮ አያልቅም። ሦስት መቶ ስልሳ አምስት ቀን ሄዳም ገና መንገድ ይቀራታል፤ የሩብ ቀን መንገድ። ያቺ ሩብ በየዓመቱ ብትተው ስንት ዘመን ቆይቶ መስከረም ክረምት መሀል ይገባል። ስለዚህ አራቱ ሩብ ሲጠራቀም አንድ ቀን ይሆንና ዓመቱ ላይ ይጨመራል። የት ላይ?"

ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። "ጳጉሜን ስድስት! እኔ የተወለድኩበት ቀን ነው!"

ልጆቹ እንደገና ሳቁብኝ፤ እኔ ምንም አልመሰለኝም። እየሮጥኩ ነው ቤት የገባሁት። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ መደብ ላይ ተቀምጦ ነበር። የሰማሁትን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ መሬት ትዞራለች የሚለው ነገር በካህናት ቤት እንዴት እንደሚሰማ አውቃለሁና። እሱ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

"ሩቡን ስንት አለ?"

"የቀን ሩብ።"

"ልክ ነው። እንግዲያው ማን ማንን ይዞራል የሚለውን እነሱ ይከራከሩበት። ቁጥሩ ከኛ ጋር ከተስማማ እኛ ምን ቸገረን" ብሎ ሳቀ።

ከዚያ አጠገቡ አስቀመጠኝና ለተማሪዎቹ ብቻ የሚነግረውን ነገረኝ። ዓመት በሳምንት ሲከፈል አንድ ቀን ይተርፋል፤ በሉቃስ ጊዜ ሁለት ይተርፋል። ስለዚህ አዲስ ዓመት በየዓመቱ አንድ አንድ ቀን ይገፋል፣ ከሉቃስ በኋላ ግን ሁለት። አራቱ ዓመት ሲደመር አምስት ቀን። "እንዲህ ስለሆነ" አለኝ፣ "ይቺ ያንቺ ቀን ባለፈው ጳጉሜን በዋለችበት ዕለት በሚቀጥለው ሉቃስ አትውልም። ተንሸራታ ሌላ ዕለት ላይ ታርፋለች።" በጣቱ እያስቆጠረ ሦስቴ አስደገመኝ። ሲገባኝ ራሴን ዳበሰኝ። ከአባቴ ጋር ካሳለፍኩት ሁሉ እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ የለም። አሁን ሳስታውሰው ጥርሴን ነው የምነክሰው።

ሽማግሌዎቹ የመጡት በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ነው። ለዝቋላ ባላባት እኔን ሊጠይቁ ነበር የመጡት። ሰውዬው ሚስቱ የሞተችበት፣ ጢሙ ሽበት የጀመረው ሰው ነው። ብዙ ፍየል አለው፣ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ይከተሉታል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በአገሩ ያለው ደብር አለቃ ሞቶ ሹመቱ የሚሰጠው እሱ ለሚለው ሰው ነበር። አባቴ ዕድሜ ልኩን አለቃ መባልን ይመኝ ነበር። ሌላ ነገር ተመኝቶ አላየሁም፤ ይኼን አንዱን ግን ይመኝ ነበር።

እኔና እናቴ ጓሮ ሆነን ጌሾ እንወቅጣለን። ድምፃቸው በግድግዳው ይሰማል።

"ልጅቱ ስንት ዓመቷ ነው?" አለ አንዱ ሽማግሌ። "አሁን መንግሥት ሕግ አውጥቷል፣ ሴት ልጅ አሥራ አምስት ሳይሞላት አትዳር ይላል።"

"አሥራ አምስት ሞልቷታል" አለ አባቴ።

ዘነዘናው ከእናቴ እጅ ወደቀ።

እንግዶቹ እስኪወጡ ጠበቅኩና ገባሁ። "አባባ፣ አሥራ አምስት አሉ?"

"አዎ።"

"እኔ የሉቃስ ልጅ ነኝ። ሉቃስ ያለቀው ባለፈው ጳጉሜን ነው፤ ዘንድሮ ዮሐንስ ነው። ዕድሜዬ በየሉቃሱ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ሁለት እያለ ነው የመጣው። አሥራ አምስት ከየት መጣ?"

አላየኝም። ግድግዳ ግድግዳውን እያየ "ያ አስተማሪ ነው ያበላሸሽ" አለ።

"ያስተማሩኝ እኮ እርስዎ ነዎት!"

ያን ጊዜ በጥፊ መታኝ። ከዚያ በፊት መትቶኝ አያውቅም። ጥፊው አይደለም ዛሬ ድረስ የሚያበግነኝ። "ልጄ፣ ዕድሜሽን አውቃለሁ፣ ግን አለቅነቱን እፈልጋለሁ" ቢለኝ ኖሮ ቢያንስ እውነት በነገረኝ። እሱ ግን በዓመቴ ቁጥር ዋሸኝ፣ ያውም እንደማውቅበት እያወቀ።

እናቴ ያን ቀን የወደቀውን ዘነዘና አንስታ ጌሾውን ወቅጣ ጨረሰች። በማግሥቱ ነጠላዋን አጣፍታ ትምህርት ቤት ሄደች። በሩን ረግጣው አታውቅም ነበር። አስተማሪው ክፍል ውስጥ እያለ ደጃፉ ላይ ቆመችና በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ "ሕግ አለ አሉ። የት ነው ያለው? አሳየኝ" አለችው።

አስተማሪው ደነገጠ። ወደ ውጭ ወጥቶ "እማማ፣ ነገሩ ከባድ ነው፣ ባላባቱ ሰው አላቸው" አላት።

"እኔ ስዳር ጡት አልነበረኝም" አለችው እናቴ። "የመጀመሪያ ልጄን የቀበርኩት እኔው ራሴ ልጅ ሆኜ ነው። አሳየኝ ሕጉን።"

ዳይሬክተሩ አስተማሪውን ጠርቶ በሰው ቤት ጉዳይ እንዳይገባ አስጠንቅቆት ነበር፤ ኋላ ነው የሰማነው። አስተማሪው ግን ከእናቴ ጋር ሄዶ ለፍርድ ቤት አቤቱታ አስገባ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሽማግሌ ቤታችን ይመላለስ ጀመር። ባሏን የከሰሰች ሴት ታይታ አትታወቅም አሉ። ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ስትሳለም ሴቶቹ ፈቀቅ ይሉባት ነበር። እናቴ ዝም ብላ ትሳለምና ትመለሳለች። በቤታችን ሁለት ሳምንት ሙሉ አባቴና እናቴ ቃል ሳይለዋወጡ በአንድ ገበታ በሉ።

የፍርዱ ቀን የፍርድ ቤቱ ግቢ በሰው ሞላ። ባላባቱ ራሱ አልመጣም፤ ሰዎቹን ላከ። የአባቴ ተማሪዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኋላ ተደርድረው ቆሙ። ዳኛው ከሌላ አገር የመጣ፣ ዓይኑን እያሸ የሚያዳምጥ፣ ሥራው የሰለቸው የሚመስል ሰው ነው።

መጀመሪያ እናቴ ተጠየቀች። በኸምጣኛ ተናገረች፤ ብዙ ነው የተናገረችው። እንዴት እንደተዳረች፣ ስንት ልጅ እንደሞተባት፣ እኔን ስትወልድ እንዴት እንደነበረች። ሲያስተረጉም የቆመው ሰው ጨርሳ እስክትተነፍስ ጠበቀና "ልጅቱ ትንሽ ናት ትላለች" አለ።

"እንደሱ ብቻ አላልኩም!" ብላ ጮኸች በአማርኛ።

ሰው ሳቀ። ዳኛው "ሴትዮ፣ በተራሽ" አላት። ተራዋ ላይ እንደነበረች የተናገረ አንድ ሰው አልነበረም።

አባቴ ቀረበ፤ ምሎ አሥራ አምስት ናት አለ። ሁለት ካህናት ቀረቡ፤ ክርስትና ስነሳ እንደነበሩና አሥራ አምስት እንደሚሆነኝ መሰከሩ። ከዚያ አስተማሪው ተነሳ። 

"ጌታዬ፣ ልጅቱ የተወለደችው ጳጉሜን ስድስት ነው። ይኼን መሪጌታም አይክዱም።"

"ይክዳሉ መሪጌታ?" አለ ዳኛው።

"አልክድም።"

"ጳጉሜን ስድስት በሉቃስ ብቻ ናት። ያለፈው ዓመት ሉቃስ ነበር። ስለዚህ ይህቺ ልጅ ዛሬ አሥራ ሁለት ልትሆን ትችላለች፣ አሥራ ስድስት ልትሆን ትችላለች፤ አሥራ አምስት ግን መሆን አትችልም። መሪጌታም ምስክሮቹም የተናገሩት ሐሰት ነው።"

ግቢው ተንጫጫ። አስተማሪው ወደኔ ዞሮ ፈገግ አለ። እኔም አለቀ፣ ተረፍኩ ብዬ ነበር። አባቴ ግን አልተደናገጠም። ጋቢውን አስተካከለና በዚያ ሰው ሁሉ በሚያከብረው ለስላሳ ድምፁ "አስተማሪው እውነቱን ነው፣ ተሳስቻለሁ። አሥራ ስድስት ናት" አለ።

የባላባቱ ሰዎች በሳቅ ፈነዱ። አንዱ ጭኑን እየመታ "አስተማሪው አንድ ዓመት ጨመረላት!" አለ። አስተማሪው ተመልሶ ተቀመጠ። ዕድሜ ልኩን በቁጥር አልተሳሳትኩም ሲል የኖረ ሰው፣ እኔን ለመስጠት ሲል "ተሳስቻለሁ" አለ። የኔን ዓመት ከመናገር ያን መናገር ቀለለው።

እናቴ ብድግ አለች። አባቴን በሰው ፊት "እርስዎ" እያለች ነበር የምታናግረው፤ በቤትም እንዲሁ። ያን ቀን ግን ጣቷን ዘርግታ "አንተ!" አለችው። "አሥራ ስድስት? ስትወለድ የት ነበርክ? ምጥ ይዞኝ ሰው ልኬብህ አልመጣም አልክ! እሑድ ነው፣ ቅዳሴ ሳይወጣ አልመጣም አልክ! እኔ ልሞት ነበር! አሁን ዓመቷን አንተ ልትነግረን ነው?"

"አስቀምጧት" አለ ዳኛው።

እሷ የተናገረችው በንዴት ነው፣ የሚያስረዳ ነገር ይሆናል ብላ አይደለም። እኔ ግን አንዲት ቃል ብቻ ነው የሰማሁት። እሑድ። ወደ ፊት ሄድኩ።

"ጌታዬ" አልኩ።

ዳኛው አየኝ። "አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?"

"ልጅቱ ነኝ።"

ሲያወሩብኝ የዋሉት ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ። እናቴ ከኋላዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

"ምን ትያለሽ?"

"የተወለድኩት እሑድ ይሁን አይሁን ምስክሮቹን ይጠይቁልኝ።"

ዳኛው ትከሻውን ነቅንቆ ጠየቀ። ሽማግሌው ካህን ደስ እያለው "አዎ እሑድ ነው፣ በደንብ ነው የማስታውሰው። ከቅዳሴ ስንወጣ ነው የተነገረን፤ መሪጌታን እንኳን ማርያም ማረችልህ አልነው" አለ። ሁለተኛውም እሑድ ነው አለ። አባቴን አየሁት። ፊቱ ተለውጦ ነበር። እዚያ ከነበሩት ሰዎች ሁሉ ቀጥሎ የሚመጣው የገባው እሱ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም መደብ ላይ አጠገቡ አስቀምጦ ያስተማረኝ እሱ ነው።

"አሁን ደግሞ አባቴን ይጠይቁልኝ" አልኩ። "የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት ያለቀው ሉቃስ፣ ጳጉሜን ስድስቱ ምን ቀን ዋለ?"

"መሪጌታ?" አለ ዳኛው።

 ኋላ ያሉት ተማሪዎች አንገታቸውን አስግገው አባቴን ያዩታል። ከመሀላቸው አስልተው የጨረሱም ነበሩ፤ አንዱ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አይቼዋለሁ። የአባቴ አውራ ጣት ሳያስበው ጣቶቹን መንካት ጀመረ።

"በማግሥቱ የገባው መስከረም አንድ ረቡዕ ነው" አለ በመጨረሻ።

"እኔ የጠየቅኩዎት ጳጉሜን ስድስትን ነው።"

"ማክሰኞ።"

"የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመትስ?"

"መስከረም አንድ ሰኞ። ጳጉሜን ስድስት…" ብሎ ቆመ። "እሑድ።"

 ዳኛው ዓይኑን ማሸት ትቶ ነበር። "በራስዎ አንደበት በራስዎ ላይ መሰከሩ" አለው። ከዚያ ጋብቻው አሥራ አምስት ዓመት እስኪሞላኝ ይቆይ ብሎ ፈረደ። ይቆይ ነው ያለው፤ ቀርቷል አላለም። ምሎ ስለዋሸው ሰው፣ አብረውት ስለማሉት ካህናት አንድ ቃል አልተናገረም። ሁሉም ተነስተው እጅ ነሥተው ወጡ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ወደ ፊት ቀድማን ሄዳለች። እኔና አባቴ ከኋላ ነን። ልጅ ነበርኩ፣ ልቤ ሞኝ ነበር። መጨረሻ ላይ አዘነልኝ፣ ለኔ ብሎ እውነቱን ተናገረ ብዬ አሰብኩ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ "አባባ፣ ለኔ ብለው ነው?" አልኩት።

ቆመ። እንዳልገባው ሰው አየኝ።

"ተማሪዎቼ ቆመው እያዩኝ መስከረም አንድን ልዋሽ?" አለኝ።

በቃ፣ ይኼው ነው። ይኼን ነው በቁጥር አይሳሳትም የሚሉኝ ሰዎች የማያውቁት። ስለ ልጁ ዕድሜ በእግዚአብሔር ስም ሲምል ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ስለ አንድ ያለፈ ማክሰኞ ግን መዋሸት አልቻለም። መሬት ፀሐይን ዞራ የምትተርፋትን ሩብ ቀን ያከብር ነበር። እኔን አላከበረኝም። ተማሪዎቹ በዚያ ስፍራ ባይኖሩ ኖሮ ማክሰኞን እሑድ ብሎ አሳልፎ ይሰጠኝ ነበር፣ በዚህ አልጠራጠርም።

ያን ክረምት እናቴ እኔን ይዛ ጋዝጊብላ ወንድሟ ዘንድ ገባች። መስከረም ላይ ተመልሰን ገባን፤ አባቴ ለምን መጣችሁ አላለ፣ እንኳን ደህና መጣችሁም አላለ። አለቅነቱን አላገኘም። አስተማሪው ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። የሸኘነው እኔና እናቴ ብቻ ነን፤ እናቴ አንድ ጮጮ ማር ሰጠችው። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። እኔ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ወልድያ ሄድኩ፣ ከዚያ ደሴ አስተማሪነት ተማርኩ። አሥራ አምስት ሲሞላኝ ማንም ጋብቻ አላነሳም። ባላባቱ ሦስት ዓመት የሚጠብቅ ሰው አልነበረም።

ከፍርዱ ወር ሳይሞላ ከኒሯቅ በኩል ከአንድ ገበሬ ቤት ሌላ ልጅ አገባ። ሙሽራዋን በበቅሎ በሰቆጣ በኩል ሲያሳልፏት ከትምህርት ቤት አጥር ላይ ሆኜ አይቻለሁ። ተሸፋፍናለች፣ ፊቷ አይታይም። እግሯ ግን ይታይ ነበር፤ እርካቡ ላይ አይደርስም። አብረውኝ የነበሩት ልጆች አጨበጨቡ።

ተመርቄ አስተማሪ ሆኜ ወደ ሰቆጣ የተመደብኩት ንጉሡ ሊወርዱ በተቃረቡበት ጊዜ ነው። ዝናብ ጠፍቶ፣ ሰው ከቆላ እየወጣ ከተማው ዳርቻ የሚሰፍርበት ጊዜ ነበር። አንድ ቅዳሜ ገበያ ዳር አንዲት ሴት ጠራችኝ። ከስታለች፣ ጀርባዋ ላይ ልጅ አዝላለች። እኩያዬ ናት፤ ግን አሮጊት ትመስላለች።

"የመሪጌታ ልጅ አንቺ ነሽ?" አለችኝ። "ያመለጥሽው አንቺ ነሽ አሉ።"

ያኔ ማን እንደሆነች ገባኝ። ባላባቱ ታሞ ሞቷል፤ ልጆቹ ከቤት አስወጥተዋታል። ከወለደቻቸው ውስጥ በሕይወት ያለው ያ ጀርባዋ ላይ ያለው ብቻ ነው። ቤቴ ወስጄ አበላኋት። እየበላች ሳለ ስትዳር ስንት ዓመቷ እንደነበረ ጠየቅኳት።

"እኔ ምን አውቄ። አጨዳ ላይ ነው የተወለድሽ ይሉኛል።"

"የትኛው አጨዳ?"

"አጨዳ ነዋ" አለችና እንደ ሞኝ አየችኝ።

ልጇ እንቅልፍ እስኪወስደው ጠበቅኩና እሷን አብራኝ ከምትኖረው እናቴ ጋር ትቼ ወጣሁ። በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው የሄድኩት። አባቴ ወይራው ሥር በተማሪዎቹ ተከቦ ተቀምጦ ነበር። አርጅቷል፣ ድምፁ ግን ያው ነው። ከእሱ ጋር ሰላምታ ብቻ ነበር የምንለዋወጠው። ሲያየኝ ደስ አለው፣ ለተማሪዎቹ የተወለድኩበትን ቀን ሊያወራላቸው አፉን ከፈተ።

"እኔን ትተው የወሰዷት ልጅ ቤቴ ናት" አልኩት። "ሁለት ልጅ ቀብራለች።"

ቀስ ብሎ "የሷን እኔ ምን አውቄ፣ መቼ እንደተወለደች ማን ያውቃል" አለ።

"ማንም አያውቅም። ስለዚህ ማንም አልተከራከረላትም።"

ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፉ። አባቴ ጋቢውን ወደ አፉ ሳበ። ምናልባት ሌላ ልጅ ብትሆን ትቀመጥና አጠገቡ ታለቅስ ነበር። እኔ አልተቀመጥኩም። ያቺ ሴት ቤት ትጠብቀኛለች፤ የምትተኛበትን ማዘጋጀት ነበረብኝ።